የቢዝነስ ክላስ ወንበር በጨረታ፦ ኤንቨሎፑን ማን ይከፍተዋል?

በአገራችን ጋዜጦች የጨረታ ማስታወቂያ ሲያነብ የኖረ ሰው የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል፦ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።» ከእሷ በፊት ግን ብዙ ነገር ተጽፏል። የሚሸጠው ስንት እንደሆነ፣ ማስከበሪያው ምን ያህል እንደሆነ፣ ሳጥኑ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ኤንቨሎፑ «ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት» የት ቢሮ እንደሚከፈት። ብዙ አየር መንገዶች ባዶ የቀረ የቢዝነስ ክላስ ወንበር የኢኮኖሚ ቲኬት ለያዘ ተሳፋሪ በጨረታ ሲያቀርቡ ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረውን ትተውታል።

ጨረታው ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም ከቀድሞው አሠራር ይሻላል እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ። ቅሬታዬ ጨረታ መባሉ ላይ ነው። ጨረታ ከተባለ የጨረታ ወግ ይኑረው።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ልጅ ለእናቷ ከአዲስ አበባ በፍራንክፈርት በኩል ዋሽንግተን የሚያደርስ የኢኮኖሚ ቲኬት ቆረጠች እንበል። ከቀናት በኋላ «ወደ ቢዝነስ ክላስ ለማደግ ዋጋዎን ያቅርቡ» የሚል ኢሜይል ይደርሳታል። ስትከፍተው ሁለት መስመር ታያለች፤ አንዱ ለአዲስ አበባ–ፍራንክፈርት፣ ሌላው ለፍራንክፈርት–ዋሽንግተን። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በጣት የምትገፋ ነጥብ አለች። ግራ ጫፍ ላይ አየር መንገዱ የሚቀበለው ትንሹ ዋጋ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ ትልቁ ተቀምጧል። ነጥቧን ወደ ቀኝ በገፋቻት ቁጥር ከጎን ያለው መለኪያ ከቀይ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቀዩ ላይ ስትሆን ዕድሏ «ደካማ» ነው፣ አረንጓዴው ላይ ስትደርስ «ጠንካራ»።

እናት እግራቸው ያብጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ማደር ይከብዳቸዋል። ቀዩ ላይ የምትተወው ልጅ የትኛዋ ናት? 300 ላይ የነበረችውን ነጥብ 450 ላይ ታደርሳታለች። የካርዷን ቁጥር ታስገባለች። ገንዘቡ ወዲያው አይቆረጥም፤ መልሱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በረራው አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እስከዚያ ሐሳቧን መቀየር ወይም መሰረዝ ትችላለች። ተቀባይነት ካገኘች ግን ካርዷ ላይ ያርፍና «ተውኩት» ማለት አይቻልም። አባትም በዚያው ቡኪንግ ውስጥ ካሉ ጨረታው ለሁለቱም ነው፤ አንዱን አሳድጎ ሌላውን መተው የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ላይ የሚታየው ዋጋ የአንድ ሰው፣ የአንድ በረራ ነው። 450 የተባለው ለሁለት ሰው በሁለት በረራ 1,800 ዶላር ይሆናል።

ይህን ሥርዓት ለአብዛኞቹ አየር መንገዶች የሚያቀርበው ሞንትሪያል ካናዳ የሚገኘውና በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው ፕላስግሬድ የተባለ ኩባንያ ነው። ኤር ካናዳ፣ ሉፍታንዛ፣ ሲንጋፖር ኤርላይንስ፣ ካቴይ ፓሲፊክ፣ ኳንታስ ሁሉም ተሳፋሪዎቻቸውን ያጫርታሉ፤ ስሙ በየቤቱ ይለያይ እንጂ ነጥቧና መለኪያው ያው ናቸው። ትልልቆቹ ሦስት የአሜሪካ አየር መንገዶች፣ ማለትም አሜሪካን፣ ዴልታና ዩናይትድ፣ በአብዛኛው ሌላ መንገድ መርጠዋል። ቁርጥ ዋጋ ያሳዩሃል፤ ትገዛለህ ወይም ታልፈዋለህ።

አየር መንገድ ለምን ያጫርታል? የተለመደው መልስ «ባዶ ከሚሄድ ጥቂት ቢያመጣ» የሚለው ነው፤ እውነት ቢሆንም ግማሽ መልስ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ባዶ ወንበር ምንም አያወጣም፤ ኢኮኖሚ ያለውን ሰው ወደፊት ማምጣት ደግሞ ከምግቡና ከመጠጡ ልዩነት ያለፈ ብዙ ወጪ የለውም። ታዲያ ለምን በግልጽ ዋጋ አይቀንሱም? ምክንያቱም ቅናሹ ከታየ ሙሉ ዋጋ ሊከፍል የነበረው ነጋዴ ወይም የድርጅት ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጨረታው ይህን ይጋርዳል። ማን በስንት እንዳገኘ አይታወቅም፣ ማግኘትህም እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ ቢዝነስ ክላስ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ሙሉውን ዋጋ መክፈሉን ይቀጥላል፤ «ካገኘሁ ጥሩ» የሚለው ብቻ ይጫረታል።

ሌላው ግማሽ መልስ ተሳፋሪው የማያየው ነው። ከገና በፊት ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን ኢኮኖሚው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ምናልባትም ከወንበሩ በላይ ተሸጦ፣ ፊት ለፊት ግን ጥቂት ቦታ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ባለው ቀን የአንዷን እናት ጨረታ መቀበል 450 ዶላር ብቻ አያመጣም፤ እሳቸው የለቀቁት የኢኮኖሚ ወንበር በበዓል ዋጋ ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ወይም ካሳ ተከፍሎት ሊቀር የነበረ መንገደኛ ይቀመጥበታል። አየር መንገዱ ምናልባት በነጻም ቢሆን ወደፊት ሊያመጣቸው የሚፈልግበት ቀን ነው። መለኪያው ግን «ደካማ» ሊላቸው ይችላል።

አሁን ጨረታው ከቀድሞው ይሻላል ወዳልኩት ልመለስ። ቀድሞ ባዶ ወንበር እንዴት ይታደል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቆጣሪው ጋ ያለው ልጅ የአክስት ልጅ ጓደኛ ከሆነ፣ ወይ አንድ ኃላፊ ስልክ ከመታ፣ ወይ ሱፍ ለብሰህ ከቀረብክ ቦርዲንግ ፓስህ ይቀየራል። ሰው የሌለው ሰው ከነ እግሩ እብጠት ከኋላ ይሄዳል። ይህ በእኛ ብቻ የነበረ አይደለም፤ ዓለም ሁሉ ላይ «ለአፕግሬድ እንዴት ይለበሳል» የሚል ምክር ይሰጥ ነበር። ከዚያ ይልቅ የማንንም ፊት የማያይ ኮምፒውተር ይሻለኛል። ዘመድ የሌላት ነርስ ከዘመዳሙ ጋር እኩል ነጥቧን ትገፋለች።

በዚህ ለውጥ የተጎዱት ብዙ የሚበሩት ደንበኞች ናቸው። የወርቅ ካርድ ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ጨረታውም ቁርጥ ዋጋውም እኩል ገፍቷቸዋል። የዴልታ ኃላፊዎች ራሳቸው ለባለሀብቶች እንደተናገሩት፣ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት በአገር ውስጥ በረራቸው ከፊት ካሉት ወንበሮች በገንዘብ የሚሸጠው ከአሥሩ አንዱ ያህል ነበር፤ ቀሪው ለታማኝ ደንበኛ በነጻ ይታደል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ይሸጣል። ለእነዚህ ሰዎች ብዙም አላዝንም፤ አብዛኞቹ ቲኬታቸውን የሚከፍልላቸው ድርጅታቸው ነው። ሆኖም ማይል ሲያጠራቅም የኖረ ሰው «ወደ ክላውድ ናይን (የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ) ያሳድግሃል» ተብሎ የሰበሰበውን ነጥብ በካርድ ከሚጫረት ጋር ማን እንደሚቀድም ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል። ቅደም ተከተሉ በየአየር መንገዱ ይለያያል።

የሚገርመው፣ የአየር መንገድ ጨረታ የተጀመረው በተሳፋሪው ጥቅም ነበር። በ1972 የሸማቾች ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር ከዋሽንግተን ወደ ሃርትፎርድ ሊበር ሲል ከወንበሩ በላይ በመሸጡ በአሌጌኒ አየር መንገድ ተመልሷል። ከሶ በ1976 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከዚያ በፊት በ1968 ጁሊያን ሳይመን የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ወንበር ሲጎድል በዘፈቀደ ሰው ከማስቀረት ይልቅ ተሳፋሪዎች «በዚህን ያህል ካሳ እቀራለሁ» ይበሉ፣ በትንሹ የተስማማው ይቅር። አየር መንገዶቹ ለዓመታት አልተቀበሉትም። በ1978 የሲቪል አየር ትራንስፖርት ቦርዱን ይመራ የነበረው አልፍሬድ ካን ሐሳቡን ሥራ ላይ አዋለው፤ አስገድዶ ከማስቀረት በፊት ፈቃደኛ መፈለግ ግዴታ ሆነ። ዛሬ በር ላይ «400 ዶላር! 600 ዶላር! ማን ይቀራል?» ሲባል የምንሰማው የዚያ ውጤት ነው።

ይህኛው ጨረታ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ዓለም በ2017 አይቶታል። ቺካጎ ላይ ወደ ሉዊቪል ሊነሳ በነበረ የዩናይትድ በረራ ላይ የካሳው ጥሪ 800 ዶላር ላይ ቆመ፣ ፈቃደኛ ጠፋ፣ አንድ ተሳፋሪ በጥበቃ ሠራተኞች እየተጎተተ ከወንበሩ ወረደ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ጣሪያውን ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አደረገው። ጨረታው 800 ላይ ባይቆም ኖሮ አንድ ሰው በፈቃዱ ይነሳ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ የመቅረቱ ጨረታ በሕግ ታጥሯል፤ በፈቃዱ ላልቀረ ሰው የሚገባው ካሳ ስሌት ተጽፎለታል፣ ጥሪውም በሁሉም ጆሮ የሚሰማ ነው። ወደፊት የመሄዱ ጨረታ ግን አጥር የለውም፤ ሻጩ ብቻውን ነው የሚሰማው።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የጨረታ ንድፈ ሐሳብን መሠረት የጣለው ዊሊያም ቪክሪ በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ቀላል የሚመስል ነገር አሳየ። አሸናፊው የራሱን ዋጋ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለውን የሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍል ከሆነ፣ ማንም ሰው ማታለል አያስፈልገውም፤ ለሱ የሚያዋጣውን እውነተኛ ዋጋ ጽፎ ይቀመጣል። የጻፉትን መክፈል ግዴታ ሲሆን ግን ሁሉም የሌላውን ዋጋ ሲገምት ይውላል፤ ያልቻለበት ከሚገባው በላይ ይከፍላል። በ1996 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ይህ ሥራው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የዕዳ ሰነዶቹን ከ1998 ጀምሮ የሚሸጠው በዚሁ መንፈስ ነው፤ አሸናፊዎቹ ሁሉ አንድ ዋጋ ይከፍላሉ፣ ዋጋውም ይነገራል። ሩቅ ሳንሄድ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዶላር ለባንኮች ሲያጫርት ስንት ባንኮች እንዳሸነፉና አማካይ ዋጋው ስንት ብር እንደሆነ መግለጫ ያወጣል።

የወንበር ጨረታ በሁሉም ረገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የጻፍከውን ትከፍላለህ። ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንደኛዋ በ300፣ ሌላዋ በ700 መጥተው ሊሆን ይችላል። በአንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787-8 ድሪምላይነር ላይ በተለመደው አደረጃጀቱ 24 የክላውድ ናይንና 246 የኢኮኖሚ ወንበሮች አሉ፤ መጠኑን ለማየት ያህል ይህን እንውሰድ። እንዲህ ባለ አውሮፕላን ስድስት ወንበር ባዶ ቢቀርና ለ246ቱም ኢሜይል ቢላክ፣ ስድስት መሆኑን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ተጫራቹ ስድስት ይሁን አንድ፣ ተፎካካሪው አርባ ይሁን ሁለት አያውቅም። ያለው መረጃ ያ ባለ ቀለም መለኪያ ሲሆን፣ መለኪያውን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው። አረንጓዴው በምን ስሌት አረንጓዴ እንደሆነ የትም አልተጻፈም። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው «ትናንት በዚህ ዋጋ ተሸጧል» ሲልህ ቢያንስ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ገብተህ ትጠይቃለህ፤ እዚህ ቀጥሎ ያለ ሱቅ የለም።

አየር መንገዶቹ የሚሰጡት መልስ ቀላል አይደለም። የወንበሩን ቁጥር ካወጣን ተፎካካሪ ያየናል፣ ተሳፋሪውም በሞላ ጊዜ ብቻ እየተጫረተ በጎደለ ጊዜ ይጠብቀናል ይላሉ። ከበረራው በፊት ለሚባለው ይህ አሳማኝ ነው። ከበረራው በኋላስ? አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ «ስንት ወንበር በጨረታ ሄደ፣ ተቀባይነት ያገኘው ትንሹ ዋጋ ስንት ነበር» ብሎ ለተጫረቱት ሰዎች በሁለት መስመር ኢሜይል መላክ የንግድ ምስጢር የሚያወጣ አይመስለኝም። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰዉ የመስመሩን ዋጋ ያውቀዋል፣ መለኪያውም መዋሸት አይችልም። አንድ ዋጋ ለሁሉም የሚለው የቪክሪ መንገድ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ይሆን ነበር፤ በፈቃዱ የሚያደርገው አየር መንገድ ግን ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ 700 የከፈለችውን 400 የሚመልስላት ማን ነው?

«ቅንጦት ነው፣ ማን አስገደዳቸው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ቅንጦትም ቢሆን ዋጋው ይነገራል። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ እንዲያሳይ ሲያዝ ለሽሮና ለሽቶ ብሎ አልለየም።

ለእኛ ሰው ከዋጋው እኩል የሚያሳስበው ሻንጣው ነው። ከአሜሪካ የሚነሳ ሐበሻ ኪሎ ሳይመዝን አያድርም፤ ቢዝነስ ክላስ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ተጨማሪው ሻንጣ ነው እንጂ ሻምፓኙ አይደለም። በጨረታ ያደገ ሰው ግን በብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ፈቃዱ የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ቲኬት እንደሆነ ይቀራል። ማይሉም እንዲሁ የሚቆጠረው በድሮው ቲኬት ነው። ቲኬቱን መቀየርና መመለስ ላይ ያለውም ገደብ አይነሳም። ወንበሩና ምግቡ የቢዝነስ፣ ወረቀቱ የኢኮኖሚ ነው። ይህ በደንቡ ገጽ ላይ አለ፤ ነጥቧን ከምትገፋው ልጅ ዓይን ግን ርቆ ነው የተጻፈው። ሦስተኛ ሻንጣ አዘጋጅቶ ቆጣሪ ላይ የደረሰ ሰው ትርፍ ኪሎ ሲከፍል የጨረታው ዋጋ እዚያው ይቀየራል።

ስለዚህ መጫረት ለፈለገ ሰው የምለው፦ መጀመሪያ ያው አየር መንገድ በቁርጥ ዋጋ ስንት እንደሚጠይቅ እዩ፤ ቲኬት ላይ «አሳድግ» የሚለው ላይ ወይም ቼክ-ኢን ሲከፈት ይታያል። ጨረታችሁ ለዚያ ከተጠጋ ትርጉም የለውም። የወንበር ካርታውን ክፈቱ፤ ፍጹም መረጃ ባይሆንም ከፊት አንድ ወንበር ብቻ ነጭ ሆኖ ከታየ እና ስድስት ከታዩ ልዩነት አለው። የሌሊቱን ረጅም በረራ ለብቻው ተጫረቱ፣ አጭሩን ተዉት፤ ዱባይ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ለእሱ አልጋ የሚሆን ወንበር መግዛት የእናንተ ፈንታ ነው። ከትንሹ ዋጋ ጥቂት ከፍ ብላችሁ ቁሙ፣ መለኪያው ቀይ ቢሆንም። ለእናታችሁ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ የሚመጣው በእናንተ ኢሜይል ነው፤ እሳቸው ቦሌ ሲደርሱ እንዳይደናገሩ ደውሉላቸው።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት አየር መንገዱ በራሱ ፈቃድ ከፍ ባለ ክፍል ካስቀመጠህ ተጨማሪ ሊያስከፍልህ አይችልም፤ ዝቅ ካደረገህ ደግሞ እንደ ርቀቱ ከቲኬቱ ዋጋ 30፣ 50 ወይም 75 በመቶ ይመልስልሃል። ደንቡ የወጣው በ2004 ነው፣ ጨረታው ከመምጣቱ በፊት። «የቲኬቱ ዋጋ» ይላል እንጂ በጨረታ ስለተጨመረው ገንዘብ አይናገርም። አውሮፕላኑ ተቀይሮ ከፊት ያለው ወንበር ቢቀንስ መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚመለሱት በጨረታ የመጡት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የከፈሉት ልዩነት ይመለስላቸዋል፣ ከዚያ በላይ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ግን የሚከራከረው ደንቡ ባልጠቀሰው ነገር ላይ ነው። «ጨረታዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚለውን ኢሜይልና የካርዱን ደረሰኝ ጉዞው ሳያልቅ አትሰርዙ።